ጠያቂውም ይጠየቅ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመሰባሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን ሸብተናል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ የሚሸብት ፀጉር እንኳ አልተረፈንም፤ ግን ድምፃችሁን ስሰማ ሁላችሁንም አውቄያችኋለሁ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ለመምህር ሃያ ደቂቃ ማለት ስም ጠርቶ ሰሌዳ የሚያጠፋባት ጊዜ ናት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እንድናገር የተጠየቅኩት መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በተማሪዎቻቸው ውጤት እንዴት ተጠያቂ እንደሚያደርግ ነው። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ይገባኛል። አሥራ አንድ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሱፐርቫይዘርነትና በኢንስፔክተርነት ብዙ ትምህርት ቤት ዞሬያለሁ። ሲመዝኑኝም ሲያስመዝኑኝም የኖርኩ ሰው ነኝ። የምለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ትምህርት ቤት ስለ ተማሪዎቹ ውጤት መጠየቅ አለበት፤ የሚጠይቀው አካል ግን እሱም መልስ የሚሰጥበት ነገር ሊኖር ይገባል። አንዱ ብቻ የሚጠየቅበት ተጠያቂነት ቅጣት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

እኛ ማትሪክ በተፈተንበት ዘመን ተጠያቂው ተማሪው ብቻ ነበር። ያለፈ ጎበዝ ተባለ፣ የወደቀ ሰነፍ ተባለ፤ ትምህርት ቤቱን «አንተስ ምን አደረግክለት?» ያለው አልነበረም። ዛሬ ይህ ተለውጧል። የለወጠውም በዋናነት አንድ ፈተና ነው።

ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ኩረጃው በግለሰብ ደረጃ የቀረ ነገር አልነበረም፤ በቡድን፣ አንዳንዴም በአካባቢ ደረጃ የሚደራጅ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግን በጥቅምት 2015 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ ዶርም ተሰጥቷቸው፣ በዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተጠበቁ ተፈተኑ። እዚህ ካላችሁት መምህራን መካከል ሻንጣችሁን ይዛችሁ ለፈተና ጥበቃ የሄዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዚያን ጊዜ ልፋታችሁ ለሀገር የተደረገ ነው፤ ባለፈው የተመሰገናችሁ አይመስለኝምና አሁን እኔ ላመስግናችሁ።

ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር ሀገሩ ደነገጠ። ወደ 897 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 30 ሺህ የማይሞሉ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 እነዚህ ትምህርት ቤቶች 1,328፣ በ2016 ደግሞ 1,363 ሆኑ።

«ዜሮ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች» የሚለው አነጋገር ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በስብሰባው፣ በሬዲዮው፣ በየሻይ ቤቱ ይነሳል። ምን ይባላል መሰላችሁ? «ርዕሰ መምህሩ ይነሳ! ትምህርት ቤቱ ይዘጋ! መምህራኑ ይቀጡ!» ቁጣው ይገባኛል። ግን ከመቆጣታችን በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል እንይ።

አንደኛ፣ ሁሉም ዜሮ አንድ ዓይነት አይደለም። በሀገር ደረጃ የማለፍ ዕድል 3.3 ከመቶ በሆነበት ዓመት ሃያ መካከለኛ ተማሪዎችን ብቻ ያስፈተነች አንዲት ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ውሰዱ። ከሃያዎቹ አንድም የማያልፍበት ዕድል ሃምሳ በመቶ ገደማ ነው። የሒሳብ ክፍል ሰዎች አሁኑኑ በስልካችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። የዚያች ትምህርት ቤት ዜሮ ሳንቲም ወርውሮ እንደማየት ነው። መቶ ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ከሆነ ግን ዕድሉ ወደ 3.5 ከመቶ ይወርዳል። ሦስት መቶ አስፈትኖ ዜሮ ያመጣ ደግሞ በዕድል አያመካኝም፤ እዚያ አንድ የተሰበረ ነገር አለ። ታዲያ በዝርዝሩ ላይ ሁሉንም በአንድ ረድፍ አሰልፎ ማሳፈር ፍትሕ ነው?

ሁለተኛ፣ ከመቶ 39 ትምህርት ቤቶች ዜሮ ካመጡ፣ 1,161 ርዕሳነ መምህራን በአንድ ዓመት ተማክረው ሰነፉ ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪ ሲወድቅ ተማሪውን እንጠይቃለን፤ ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅ ግን ፈተናውንና መምህሩን እንጠይቃለን። ይህንን እኛ መምህራን እናውቀዋለን። በሀገር ደረጃም ሕጉ ያው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቶቻቸው የወደሙባቸው፣ በኋላም በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት በራቸው የተዘጋባቸው ልጆች ከከተማ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ተፈትነዋል። ወረቀቱ አንድ መሆኑ ትክክል ነው። ትምህርት ቤቱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈተና የማለፊያው መጠን 8.4 ከመቶ ደርሷል፤ ደስ ይላል። ያለፉት ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ አድገዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ያለፉት ሰዎች ቁጥር ያደገው በ1.6 እጥፍ ሲሆን መቶኛው ያደገው በ2.5 እጥፍ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከታችኛው ቁጥር ነው። የተፈታኙ ብዛት ከ897 ሺህ ወደ 586 ሺህ ገደማ ወርዷል። ለመቀነሱ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ማንንም አልወነጅልም። የምለው፣ ትምህርት ቤትን በመቶኛ ብቻ የሚመዝን መንግሥት ሳያስበው ለርዕሰ መምህሩ አንድ አጉል ምክር ይሰጠዋል፤ «ደካማውን ልጅ ከፈተናው በፊት አስቀረው» የሚል። ደካማው ልጅ ሲቀር መቶኛው ያምራል፣ ልጁ ግን ጠፋ።

እንግዲህ ፈተናው አንዱ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው እኔ የኖርኩበት ኢንስፔክሽን ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማዕቀፍ ትምህርት ቤትን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ነጥብ ይይዛል። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው። መማሪያ ክፍሉንም፣ የመምህሩን አቀራረብም፣ የወላጁን ተሳትፎም፣ የተማሪውን ውጤትም አብሮ ያያል። ከአንድ ፈተና ብቻ በጣም ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስንደርስ የሚቀበለን ፋይል ነው። ለእያንዳንዱ ስታንዳርድ አንድ ፋይል፣ በየፋይሉ ቃለ ጉባኤ፣ በየቃለ ጉባኤው ማኅተም። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ሄደን የቤተ ሙከራ ፋይሉን ሳይ እጅግ ያምራል፤ የዓመቱ የሙከራ ዕቅድ በሠንጠረዥ ተሠርቷል። «እስቲ ክፍሉን ክፈቱልን» አልን። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ዘንድ ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ከተማ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ሲከፈት በማይክሮስኮፑ ላይ የዓመታት አቧራ ተኝቷል። ዕቅዱን የሠራው መምህር ዋሽቷል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። የመዘነው ፋይሉን ነበር፤ እነሱም የተመዘነውን አዘጋጁ።

ርዕሰ መምህሩ ጎበዝ ወጣት ነበር። ሪፖርቱን አብረን ስናነብ ደረጃ 1 መሆኑን ሲያይ ዝም አለ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ደረጃ ሰጡኝ፤ እሺ። የፊዚክስ መምህር ግን ማን ይሰጠኛል?» ለካ ትምህርት ቤቱ ከመስከረም ጀምሮ የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። ሦስት ጊዜ ለወረዳው ጽፏል፤ የደብዳቤዎቹን ቅጂ አሳየኝ። የኔ ቅጽ ላይ ደግሞ ወረዳው መልስ አለመስጠቱን የምጽፍበት ሳጥን አልነበረም። ተማሪው በትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ በእኔ ይመዘናል፤ ወረዳውንና ከወረዳው በላይ ያለውን ማን ይመዝነዋል? አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1862 «በውጤት መክፈል» የሚባል ሥርዓት አወጡ። ኢንስፔክተሩ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ እያንዳንዱን ልጅ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ይፈትናል፤ ልጁ ከወደቀ ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው ገንዘብ ይቀነሳል። ምን ሆነ? መምህራን የሚፈተነውን ብቻ አስተማሩ፣ ልጆች መጽሐፉን በቃላቸው ሸመደዱት፣ የማይፈተነው ትምህርት ቀጨጨ። ማቲው አርኖልድ የተባለው ባለቅኔ ራሱ ኢንስፔክተር ነበርና ማስተማሩን መካኒካል አደረገው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ሥርዓቱ ግን እስከ 1890ዎቹ ቆየ፤ አንድ ሙሉ ትውልድ ማለት ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ በጥር 2002 እ.ኤ.አ. «አንድም ልጅ ወደኋላ አይቅር» የሚል ሕግ አወጡ። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ይፈተን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሁሉም ልጅ ብቁ ይሁን፣ ያላሻሻለ ትምህርት ቤት ቅጣት ይከተለው አሉ። ከዚህ ሕግ የምወድለት አንድ ነገር አለ። ውጤት በአማካይ ብቻ ሳይሆን የድኻውም፣ የጥቁሩም፣ የአካል ጉዳተኛውም፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነውም ልጅ ለየብቻ እንዲነገር አስገደደ። ከዚያ በፊት ጥሩ አማካይ ያለው ትምህርት ቤት እነዚህን ልጆች ከአማካዩ ጀርባ ይደብቃቸው ነበር። ነገር ግን ብቁ የሚባለውን ልክ የሚወስነው እያንዳንዱ ስቴት ስለነበረ ልኩን ዝቅ አድርጎ መገኘት ይቻል ነበር። በአትላንታ ከተማ ደግሞ የባሰ መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የተማሪዎችን ውጤት በማስተካከል እጃቸው እንዳለበት አስታወቀ። ፍርድ ቤት ቀርበው የተፈረደባቸውም አሉ። ሕጉ ራሱ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በሌላ ተተካ።

እነዚህን ያነሳሁት «ምዘና ይቅር» ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ምዘና ከቀረ የሚጎዳው ድምፅ የሌለው ልጅ ነው። ባለሀብቱ የልጁ ትምህርት ቤት መበላሸቱን ቶሎ ያውቃል፤ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ትምህርት ቤት ይለውጣል። ገበሬው አባት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ከእርሻ አስቀርቶ ከላከ በኋላ መጨረሻ ላይ በፈተናው ነው የሚሰማው። ያ ለእርሱ በጣም ዘግይቷል። ስለዚህ ጥያቄው ምዘናው ይኑር አይኑር ሳይሆን ማንን፣ በምን፣ መቼ የሚለው ነው። እኔ አራት ነገር እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤት ልጁን ከየት ተቀብሎ የት እንዳደረሰው ይታይ። በመላ ሀገሪቱ ተመርጠው የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሁሉንም ቢያሳልፍ እሰየው፤ ግን ጎበዝ ተቀብሎ ጎበዝ ነው ያስረከበው። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደካማ የነበሩ ልጆችን ተቀብሎ ከመቶ 40 ላይ ያደረሰ ትምህርት ቤት ግን በዛሬው ዝርዝር «ዜሮ» ነው የሚባለው። የ8ኛ ክፍል ፈተና ከክልል ክልል ስለሚለያይ ሀገሩን በሙሉ በእሱ ማወዳደር አይቻል ይሆናል። በአንድ ክልል ውስጥ ግን የሚከለክል ነገር የለም፤ ውጤቱ በእጃቸው ነው።

ሁለተኛው፣ ከመቶኛው ጋር የጎደሉትም ይቆጠሩ። 9ኛ ክፍል የተመዘገቡት ስንት ነበሩ፣ ለፈተና የቀረቡት ስንት ናቸው? ይህ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ብዙ ተንኮል ያስቀራል።

ሦስተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት ሲነገር የመንግሥት ግዴታም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። መጽሐፍ ለስንት ተማሪ ደረሰ? የትኛው ትምህርት ያለ መምህር ስንት ወር ቆየ? ርዕሰ መምህሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀያየረ? «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ሕዝቡ ከኪሱ አውጥቶ ክፍል ሠርቷል፣ ዴስክ ገዝቷል። ሕዝቡ ድርሻውን ሲወጣ መምህር መመደብ ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ነው።

አራተኛው፣ ደረጃ 1 ማለት መጀመሪያ ድጋፍ የሚሄድበት ቦታ ማለት ይሁን። «ይዘጋ» የምትሉ ወገኖቼን ካርታውን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። በብዙ ወረዳ ያ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ቀጣዩ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ወንዱ ይሄድ ይሆናል፤ ሴቷን ግን በዚያው ይድሯታል። በአንድ ደብዳቤ የዘጋነው የእሷን ዕድል ነው። ድጋፍ ተሰጥቶት፣ መምህር ተሟልቶለት፣ ጊዜ አግኝቶ አልሻሻል ያለ ርዕሰ መምህር ካለ ግን ይነሳ፤ እኔም እፈርምበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። መምህሮቼ እንዳትቀየሙኝ። ዜሮ ባመጡት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉት የፊዚክስ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን ከሰማይ አልወረዱም፤ ከዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቁት። ዲግሪያቸውን የፈረመው እንደ እኛ ያለ ተቋም ነው። ከዚያም ያላለፈው ልጅ በሪሜዲያል ፕሮግራም ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ተማሪ በዚህ መንገድ ገብቷል። ዶክትሬት ያላችሁ ሰዎች የ12ኛ ክፍል ትምህርት ስታስተምሩ ታጉረመርማላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ግን እኮ ክቡ የተዘጋው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደካማ ተማሪ ይልክልናል፤ እኛ ደካማ መምህር አድርገን እንመልስለታለን።

ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ተጠያቂነቱ ደርሶበታል። በ2015 ሐምሌ በተሰጠው የመጀመሪያው አጠቃላይ የመውጫ ፈተና ከ150 ሺህ ያህል ተፈታኞች ያለፉት 41 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ፣ ከግል ተቋማት 17 ከመቶ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ መምህራን የሰማሁት ምን ነበር? «ግብዓቱ ደካማ ነው፣ ቤተ ሙከራ የለንም፣ ጊዜው አጠረ፣ በፈተና ብቻ አንመዘንም» የሚል ነው። ልክ ናችሁ። ግን ያ ወጣት ርዕሰ መምህርም ያለኝ ይህንኑ ነው። ለራሳችን የምንጠይቀውን ፍትሕ ለእርሱም እንጠይቅለት።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ ከመገናኘትና ፎቶ ከመነሳት በተጨማሪ ሁለት ነገር እንዲያደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ዙሪያ ካሉ፣ አንድም ተማሪ ካላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ሦስቱን እንምረጥና ለአራት ዓመት፣ ማለትም ዛሬ 9ኛ ክፍል የገባው ልጅ 12ኛ እስኪፈተን ድረስ፣ አብረናቸው እንቆይ። ቀለም ቀብተን ሪባን ቆርጠን እንዳንመለስ። በጎደለው ትምህርት መምህር እንሁናቸው፤ ጡረታ የወጣን ሰዎች ሞልተናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመኔ ለመያዝ አቅም አላነሰንም። በውጭ ሀገር ያላችሁ ባልንጀሮቻችን ደግሞ የመጓጓዣና የመጽሐፍ ወጪውን ብትሸፍኑ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍሉ መምህራን የነዚህን ልጆች መነሻና መድረሻ መዝግበው በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ያውጡልን። ካልተሳካም አልተሳካም ብለን እንጻፍ። ስለ ተጠያቂነት ያወራ ማኅበር መጀመሪያ ራሱ ይመዘናል።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የፊዚክስ መምህሬ ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ ያኔም ክፍል ውስጥ ንግግር ሳበዛ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ከምሳ በፊት በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ባለው መዝገብ አስፍሩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የኔ ስም አለ።